ለኢንተርኔቱ ያልነገርነው ምች

ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ ለሁለት ዓመት ያህል ሰዎች «ዶክተር» ብለው ይጠሩኝ ነበር። ዶክተር አይደለሁም፤ ያኔም አልነበርኩም። አዲስ አበባ አንድ ዓመት ባዮሎጂ ተምሬ ያቋረጥኩ፣ ናይሮቢ ገብቼ ስድስት ኮምፒውተር ያለው ሳይበር፣ ማለትም ኢንተርኔት ቤት፣ የምጠብቅ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ስሜ ሰብለ ነው። ዶክተርነቱን ያወጡልኝ ደንበኞቼ ናቸው፤ እኔም «ተዉ፣ አይደለሁም» ማለት ሲገባኝ ወደድኩት። አንባቢዎቼ፣ ቀጥሎ የማወራችሁ ነገር የመጣው ከዚያ መውደድ ስለሆነ ከወዲሁ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው።

ጊዜው የእኛ ሚሊኒየም ሊገባ አንድ ዓመት ግድም ሲቀረው ነው። ስልክ ለመደወልና ለሚስኮል ብቻ ነበር። ኢንተርኔት የፈለገ ሰው ጠባቧን ደረጃ ወጥቶ እኔ ጋ ይመጣል። ወጣቶቹ ራሳቸው ቁጭ ብለው ቻት ያደርጋሉ። እንግሊዝኛ የማይሆንላቸው ትልልቆቹ ግን ወንበር ስበው አጠገቤ ይቀመጡና «እስቲ ጠይቂልኝ» ይሉኛል። ኢንተርኔቱን የሚያዩት እንደ አንድ የተማረ፣ ትንሽ ኩራተኛ ዘመድ ነበር። እኔ ስጽፍ በአክብሮት ዝም ይላሉ፤ ገጹ ሲከፈት ደግሞ «ምን አለ?» ይላሉ።

አንድ ሰውዬ ጎኑን እየወጋው መጥቶ «ውሃ አብዝተህ ጠጣ ይላል» አልኩት። ጠጣ፣ ተሻለው። በማግስቱ አንድ ፌስታል ማንጎ ይዞ መጣና በሰው ፊት «ዶክተር» አለኝ። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ሳይበሩ ክሊኒክ ሆነ። የልጅ ሳል፣ የወገብ ሕመም፣ አልጠፋ ያለ ሽፍታ፣ ሁሉም ወደ እኔ። ከሚወጡት ገጾች ውስጥ ቶሎ የሚከፈተውንና እንግሊዝኛው የሚቀለውን መርጬ አነብና በአማርኛ እነግራቸዋለሁ። ማን እንደጻፈው አላይም ነበር። ስክሪን ላይ ከወጣ ለእኔ ሁሉም እኩል እውነት ነው።

ከሳይበሩ ሥር፣ ምድር ቤት፣ የጥሩወርቅና የባሏ የጋሽ ታደለ ምግብ ቤት ነበር። እሱ ከፊት ሆኖ ያስተናግዳል፣ እሷ ከጓዳ አትወጣም። ልጅ አጥተው ስድስት ዓመት ጠብቀዋል። በሰባተኛው አረገዘች፤ እኔ የማወራችሁ ጊዜ ላይ ስምንተኛ ወሯን ይዛ ነበር። ጥሩዬ ለእኔ ታላቅ እህት ማለት ናት። ምሳዬን ሳልጠይቅ ትልክልኛለች፣ ከሳሁ ብላ ትቆጣኛለች፣ ተጫውታ ታስቀኛለች። ሳይበሩ ጋ ከደረስኩበት ቀን ጀምሮ ናይሮቢ ላይ ብቸኝነት የማላውቀው በእሷ ምክንያት ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት የምሳ ሰው ከሄደ በኋላ የደረጃውን ግድግዳ እየተደገፈች ወጣች። የጋሽ ታደለን ነጠላ ጫማ አድርጋለች።

«አንቺ ዶክተር፣ እስቲ ይሄን ጉድ እዪልኝ» ብላ እግሯን ዘረጋችልኝ። «የኔ ጫማ እምቢ ብሎኝ የሱን ወረስኩ።»

በአውራ ጣቴ ጫን አደረግኩት። ጣቴ ሲነሳ ሥጋው ጎድጉዶ ቀረ።

«የክሊኒክ ቀጠሮሽ መቼ ነው?»

«የሚመጣው ሳምንት ሳይሆን የዚያኛው ሐሙስ። ጥያቄዬም እሱ ነው። አሁን ልሂድ ወይስ ቀጠሮዬን ልጠብቅ? ከሄድኩ ቀኑን ሙሉ ሰልፍ ነው። ነገ ደግሞ የክርስትና ድግስ ታዘናል፣ ጓዳውን ለማን እተወዋለሁ? ጠይቂልኝ። ሂጂ ካለ እሄዳለሁ።»

ሂጂ ካለ እሄዳለሁ። እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ያለው ይሄ ነው።

«ሌላስ የሚያምሽ ነገር አለ?» አልኳት። እንደው ይህን እንኳ ጠይቄያለሁ።

«ሌላማ ምን አለ። ከትናንት ጀምሮ ራሴን ይፈልጠኛል፤ እሱ ምች ነው። ከምድጃው ላይ በላብ ተነስቼ ሽንኩርት ልገዛ ወጣሁና ፀሐዩ አገኘኝ። ዓይኔ ላይም ብልጭ ብልጭ ይልብኛል። ጨጓራዬም ተነስቷል፣ እዚህ ጋ» አለችና ከጡቷ ሥር፣ ከጎድን አጥንቷ መሀል በእጇ ያዘች። «ቃሪያ አብዝቼ ነው።»

አያችሁ፣ ሁሉንም ነግራኛለች። አንድም የደበቀችው የለም። የከፋፈልነው ግን እኛ ነን፤ ተባብረን፣ እየሳቅን።

«ምችማ ፈረንጅ አያውቀውም» አልኳት።

«ከየት ያውቀዋል!» አለች።

እውነትም በእንግሊዝኛ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ አላውቅም ነበር። በረንዳው ላይ በዘይት ጣሳ የተከለችው ዳማከሴ አለ። ቅጠሉን ቀነጠስኩ፣ በመዳፌ አሽቼ ግንባሯን ቀባሁላት፣ የተረፈውን አሸተትኳት። «እሰይ» ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ለጨጓራው ተልባ ዘፍዝፋ ነበር የመጣችው። ስለዚህ ራስ ምታቱ ለዳማከሴ፣ ጨጓራው ለተልባ ተሰጠና ለኢንተርኔቱ የተረፈው እግሯ ብቻ ሆነ። እኔም የጻፍኩት እሱን ብቻ ነው፤ እርጉዝ፣ ያበጠ እግር።

የሚያረግዙ ሴቶች የሚጨዋወቱበት ገጽ ቀድሞ ተከፈተ። አንዷ ጫማዬ አልገባ ብሎኛል ትላለች፣ ሌላዋ የእኔም እንደዚያው፣ ሦስተኛዋ ትራስ ላይ ስቀዪው፣ ስትወልጂ ይጠፋል። እያነበብኩ ተረጎምኩላት።

«ፈረንጆቹም እንደኛ ያብጣሉ እንዴ?» ብላ ሳቀች።

«ያብጣሉ። የተለመደ ነው ይላል። እግርሽን ከፍ አድርገሽ ተኚ።»

«ታዲያ ቀጠሮዬን ልጠብቅ?»

«ጠብቂ» አልኳት።

በፍለጋው ዝርዝር ውስጥ ከዚያ ገጽ ሥር፣ ሦስተኛው መስመር ላይ፣ የአንድ ሆስፒታል ገጽ እንደነበረ አስታውሳለሁ። ርዕሱ ላይ ማንበብ ያቃተኝ ረጅም ቃል ነበረበት። ኢንተርኔቱ ያን ቀን ቀርፋፋ ነበር፣ ለመክፈት ደቂቃዎች ይፈጃል። መልሱን ደግሞ አግኝተናል። አልከፈትኩትም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የክርስትናው ድግስ ላይ ወረድኩ። ጥሩዬ ጓዳ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታዝዛለች። ፊቷ ሞልቷል፣ የዓይኖቿ ቆብ ወፍሯል፣ ቀለበቷን አውልቃ በክር አንገቷ ላይ አስራዋለች። ለድግስ የመጡት ሴቶች በየተራ ብቅ እያሉ «ውይ አማረብሽ! እርግዝና ተስማማሽ!» ይሏታል። እኛ አገር ፊቱ የሞላ ሰው ተመችቶታል ነው የሚባለው። እኔም አብሬ «አማረባት» ብያለሁ። ብያለሁ፣ አልክድም።

«ምቹ አልለቀቀኝም ሰብልዬ» አለችኝ ሴቶቹ ሲወጡ። «ያ መጋረጃ ራሱ ሁለት ሆኖ ነው የሚታየኝ።»

ሮጬ ደረጃውን ወጣሁ። ኮምፒውተሮቹ አጠገብ አልፌ በረንዳው ላይ ደረስኩ፣ ዳማከሴዬን ቆርጬ እንደገና አጠገባቸው አልፌ ወረድኩ። ሁለት ጊዜ ሙሉ አልፌአቸዋለሁ። አንዲት ቃል ልጻፍባቸው አላልኩም፤ ምች ነዋ።

ሰኞ ጠዋት ገና ኮምፒውተር እየከፈትኩ ነበር፤ ከታች የድስት መውደቅና የጋሽ ታደለ ጩኸት ተሰማኝ። ስወርድ ጥሩዬ የጓዳው ወለል ላይ ናት። ሰውነቷ በሙሉ ይንቀጠቀጣል፣ ጥርሷ ገጥሟል፣ ዓይኗ ተገልብጧል። የቁርስ ሰዎች ከበዋታል።

«ክብሪት! ክብሪት ጭራችሁ አሽቷት!» ይላል አንዱ።

«ጠበል የያዘ የለም?» ትላለች ሌላዋ።

ክብሪቱን የጫርኩት እኔ ነኝ። ሦስት እንጨት ሰበርኩ፣ በአራተኛው ለኮስኩና ጭሱን አፍንጫዋ ሥር ያዝኩላት። ኮምፒውተር የሚያሠራውና ዶክተር የሚባለው ሰው ያደረገው ይህን ነው።

ከጎናችን ልብስ የምትሸጠው የሞያሌዋ ሐዋ ሰውን በክርኗ እየገፋች ገባች። «ምን ታሸቷታላችሁ! ከእርጉዝ ጋር ክብሪት ምን አገናኘው? በጎኗ አስተኟት! ታክሲ ጠርቻለሁ፣ አንሱ!» አለች። ልብስ ነጋዴዋ ከእኔ ተሻለች።

ታክሲው ውስጥ ጭንቅላቷ እኔ ጭን ላይ ነበር። መንገዱ ማታቱ በሚሏቸው ሚኒባሶች ተጣቦ ቆሟል። ሹፌሩ ጥሩምባውን ይዞ ይጮሃል። አንድ ጊዜ ነቃ አለች፣ ማንነቴን ያወቀች አልመሰለኝም፣ «ጨለመ» ብቻ አለች። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር፣ ፀሐይ በመስኮቱ ፊቷ ላይ ወድቃለች። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ እንደገና አንቀጠቀጣት።

ሐኪሙ ወጣት ኬንያዊ ነው። ጋሽ ታደለ እንግሊዝኛው ለምግብ ቤት እንጂ ለሆስፒታል አይበቃም፤ አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ። ሐኪሙ የደም ግፊቷን ለክቶ ነርሷን አንድ ነገር አዘዘና ወደ እኔ ዞረ።

«ከዚህ በፊት ምን ምን ያማት ነበር?»

መናገር ጀመርኩ። ከዓርብ ጀምሮ ከባድ ራስ ምታት። ዓይኗ ላይ ብልጭታ። ትናንት ነገር ሁለት ሆኖ ይታያት ነበር። እዚህ ጋ፣ ከጎድኗ ሥር ሕመም። እግሯና ፊቷ ማበጥ። ምች የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ስለሌለ አልመጣም፤ ጨጓራም አላልኩም፣ ቦታውን በእጄ አሳየሁት። ሦስት ቀን ሙሉ የበታተንነውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ትንፋሽ ስናገረው ሰማሁት። ባዮሎጂ ባልማር እንኳ ይገባኝ ነበር።

የሐኪሙ እስክሪብቶ ቆመ። «ይህ ሁሉ ሦስት ቀን ሲሆን ማንም አላመጣትም?» አለኝ። አልተቆጣም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር።

«ምን አለሽ?» አለ ጋሽ ታደለ እጄን ጨብጦ።

«እንረዳታለን ነው የሚለው» አልኩት።

በቀዶ ጥገና ሕፃኗን አወጡ። ትንሽ፣ ቀይ፣ ድምፅዋ የድመት ግልገል የሚመስል ሴት ልጅ። ነርሷ ለአፍታ አሳይታን ወደ ማሞቂያው ወሰደቻት። ጋሽ ታደለ ስድስት ዓመት የጠበቃትን ልጅ አይቶ አልሳቀም፤ «እናቷስ?» ነበር ያለው። እናቷ አልነቃችም። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈስሷል አሉን። ማክሰኞን ሙሉ እጇን ይዘን ዋልን። ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ሐኪሙ ወጥቶ ወንበር ስቦ ፊት ለፊታችን ሲቀመጥ፣ መቀመጡ ራሱ ነገረን። መተርጎም አላስፈለገኝም።

ቀብሯ ላይ፣ ለቅሶ ቤቱም ውስጥ፣ ሰዉ ሁሉ በአንድ አፍ «በወሊድ ሞተች» አለ። አገር ቤት ላሉት እናቷም እንደዚያው ተነገራቸው። ማንም ወደ እኔ አልዞረም። እንዲያውም ሴቶቹ «አይዞሽ፣ አንቺማ የአቅምሽን አደረግሽ» እያሉ ጀርባዬን ያሻሹኝ ነበር። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ አንድ ጠዋት ደንበኛ ሳይመጣ፣ ጋሽ ታደለ ደረጃውን ወጣ። ጺሙ አድጓል። ከሆስፒታል የተሰጠውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና በጣቱ አንድ ቃል ነካ።

«ይሄን ጠይቂልኝ።»

ያ ረጅም ቃል ነበር፤ ሦስተኛው መስመር ላይ አይቼ ያለፍኩት። ጻፍኩት። የሆስፒታሉ ገጽ ወጣ፤ ጠበቅኩት፣ ተከፈተ።

አንባቢዎቼ፣ መዋሸት እችል ነበር። እንግሊዝኛው እኔ ጋ ነው። «ድንገተኛ ነው፣ መድኃኒት የለውም ይላል» ብዬ ብነግረው አመስግኖኝ ይወርድ ነበር። ስክሪኑን ሳይ ጥሩዬ ግን አጠገቤ የተቀመጠች መሰለኝና አልቻልኩም። ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ተረጎምኩለት። በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ የደም ግፊት ነው። ካልታከመ እናትየዋን ሊያንቀጠቅጣት ይችላል። እብጠት ከከባድ ራስ ምታት ጋር፣ ዓይን ላይ ከብልጭታ ጋር፣ ከጎድን አጥንት ሥር ከሚሰማ ሕመም ጋር ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ሂጂ።

«ሂጂ» የሚለው ላይ ስደርስ ጣቴን ስክሪኑ ላይ አሳረፍኩ።

ጋሽ ታደለ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ። ከዚያ «ያን ቀንም ይሄ ነበር?» አለኝ።

«ነበር። አልከፈትኩትም።»

«ለኢንተርኔቱ ምቹን ነግረሽው ነበር?»

«አልነገርኩትም ጋሼ። ምች ነው ብዬ ተውኩት።»

ወረቀቱን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ መልሶ አጠፈ። «እሑድ ማታ ‹ታዴ፣ ፊትህ ይደበዝዝብኛል› ብላኝ ነበር» አለ። «ድካም ነው፣ ተኚ አልኳት።» ከዚያ እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ይቅር በለኝ አላልኩትም፤ እሱም ይቅር ብዬሻለሁ አላለኝም። ግን ልጅቷን፣ ሜሮንን፣ ከሆስፒታል ያወጣት ቀን መጀመሪያ ያስታቀፈው እኔን ነው።

ከዚያ ወዲህ ዶክተር ያለኝን ሰው ሁሉ ተቆጥቻለሁ። «ጠይቂልኝ» ብሎ የሚመጣ ሰው ግን አልቀረም፤ ሕመምተኛ እስካለ አይቀርም። ዛሬ አንድ ፊደል ከመንካቴ በፊት ቁጭ አድርጌ እጠይቃለሁ፤ ምች ነው ብለህ የተውከው አለ? ጨጓራ ያልከው? ብርድ፣ የሰው ዓይን፣ ድካም ያልከው? ስም ያወጣህለትን ተወውና የሚሰማህን ንገረኝ። ሁሉንም አብሬ እጽፋለሁ። የሆስፒታል ወይም የሐኪሞች ያልሆነውን ገጽ ዘግቼ አልፋለሁ፣ ያገኘሁትን እስከ መጨረሻው አነባለሁ። ከዚያም ልሂድ ወይስ ልቅር ለሚለው ጥያቄ ከእኔ መልስ የለም፤ ጫማዬን አደርግና አብሬ እሄዳለሁ። ክሊኒኮቹ ውስጥ ያሉት ነርሶች «ያቺ ኢትዮጵያዊት አስተርጓሚ መጣች» ይላሉ። ለእናንተም የምላችሁ ይኸው ነው። ኢንተርኔቱ ያን ቅዳሜ አልዋሸኝም። የጠየቅኩትን መለሰልኝ፤ በግማሽ ጠየቅኩት፣ በግማሽ መለሰ።

አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር፤ እሱን እንኳ ያወቅኩት ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው።

ሜሮን ከትምህርት ቤት ስትመለስ የቤት ሥራዋን የምትሠራው እኔ ጋ ነው። አክስቴ ነው የምትለኝ። አንድ ከሰዓት ደብተሯን ከፍታ ምንም ሳትጽፍ ቆየች።

«ምነው?» አልኳት።

«ቲቸር ‹የተወለድኩበት ቀን› ብላችሁ ኮምፖዚሽን ጻፉ አለችን። አይ ዶንት ዋንት።»

«ለምን?»

«አክስቴ፣ ዩ ኖው ዋይ። እኔ ስወለድ ነዋ ማሚ የሞተችው። ኤቭሪባዲ እንደዚያ ነው የሚለው። ለዚያ ነው በርዝደይ የማልፈልገው።»

ይቺ ልጅ ልደቷን የማታከብረው ለእናቷ ክብር ይመስለን ነበር። እኛ አዋቂዎቹ ነገር ለማሳጠር፣ እኔ ደግሞ ለመደበቅ፣ «በወሊድ ሞተች» ብለን ያለፍነውን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንደ ራሷ ጥፋት ተሸክማው ኖራለች። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ወንበሬን አዞርኩና ነገርኳት። ስለ እግሯ፣ ስለ ዳማከሴው፣ «ሂጂ ካለ እሄዳለሁ» ስላለችው፣ ሳልከፍተው ስላለፍኩት ገጽ። ማለሳለስ አልፈለግኩም። እናቷ የሞተችው እሷ ስለተወለደች ሳይሆን ሕመሟ በጊዜ ሐኪም ስላላየው እንደሆነ፣ ያላየውም እኔ «ጠብቂ» ስላልኳት እንደሆነ ነገርኳት።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ሶ፣ እኔ አይደለሁም?»

«አንቺ አይደለሽም።»

«አንቺ ነሽ?»

«አዎ» አልኳት። «እኔ ነኝ።»

ደብተሯን ሰብስባ ወረደች። በማግስቱ አልመጣችም። በሳምንቱም አልመጣችም። ደረጃው ላይ ስንተላለፍ አንገቷን ትደፋለች። ጋሽ ታደለ «ልጅ ናት፣ ትመለሳለች» ይለኛል። ላትመለስም ትችላለች፣ መብቷ ነው።

ባለፈው ሳምንት ግን ልደቷ ነበር። ኬክ ይገዛልኝ ብላ አባቷን ራሷ ጠየቀችው፣ የክፍል ጓደኞቿን ጠራች። እኔ አልተጠራሁም። ከፍቶኛል፣ አልዋሽም። ከላይ፣ ሳይበሩ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ሲዘምሩላት ሰማሁ፤ ሻማውን ስታጠፋ ጭብጨባው ቤቱን ሞላው። ከዚያ የእሷን ሳቅ ለየሁት፣ ከሁሉም በላይ ይሰማ ነበር።